ድምፁን ጻፊልኝ

አዲሱ ገበያ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሕትና፣ ጨንቻ

ደብዳቤሽን ቤዛብሕ ሐሙስ ዕለት ከነጠላ እስሩ መሐል አውጥቶ ሰጠኝ። ማሚቴ ቀድማኝ ልትከፍተው ስትል ነጠቅኳት። «ስድስት ዓመት ብየዳ የተማረችው ከእኔ ነው፤ ለአንቺ አልተጻፈም» አልኳት። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ተኮራርፈን ዋልን። አሁን ታርቀናል። ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

ስልክ ለምን አያነሱም ብለሽ ተቆጥተሻል። ልጄ፣ ያ ስልክ አርጅቷል። ባለፈው ስትደውዪ አንቺ ስለ ጋዝ ስትጠይቂኝ እኔ ስለ ግንቦት ልደታ ስመልስልሽ እንደነበር ማሚቴ ነግራኛለች። ለሁለታችንም ደብዳቤ ይሻለናል። ቤዛብሕ በየሁለት ሳምንቱ ከሽሮ ሜዳ ጨንቻ ይመላለሳል፤ ያን ሁሉ ሸማ የሚሸከም ሰው ወረቀት አይከብደውም።

አሁን ወደ ሥራሽ። የሸማኔዎቹ ማኅበር የገዛውን በሽቦና በጋዝ የሚበይደውን የሚግ ማሽን ተረክበሽ የብረት የሽመና ዕቃ ልትሠሪላቸው መሆኑን ሳነብ ደስታዬን ለማን ልንገረው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አሥራ ሁለት ዕቃ። ለመስቀል ከሽሮ ሜዳ አገራቸው የሚገቡት ሸማኔዎች በሙሉ ቆመው ያዩታል ማለት ነው። አጎትሽም በሠፈሩ ፊት ቃል ገብተውልሻል። ስለዚህ ብየዳሽ እንደ ዳቦ ሆድ ቀዳዳ ቀዳዳ እየሆነ ቢያስለቅስሽ አልፈርድብሽም።

ቀዳዳ የሚመጣው የቀለጠው ብረት አየር ሲያገኘው ነው። ጋዙ ከሽቦው ጋር አብሮ ወጥቶ ካልሸፈነው ብረቱ አረፋ ይሠራል፣ አረፋውም እንዳለ ይደርቃል። እንግዲህ ጋዙ የት እንደሚጠፋ ፈልጊ። መጀመሪያ ነፋሱን እዪ፤ ያላችሁት ተራራ ላይ ነው፣ በብርድ ልብስ ከልዪ። ቀጥሎ በእጅሽ የምትይዢውን የቶርቹን አፍ እዪ፤ ፍንጣሪ ተጠራቅሞበት እንደሆነ በፒንሳ አጽጂው። ከዚያ ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩን እዪ፤ ብርድ አይወድም።

በዚህ ካልተስተካከለ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ግን «ተበላሸ» ብለሽ አትለፊው፤ ድምፁን ጻፊልኝ። እኔ በቁጥር አላስተማርኩሽም፣ በጆሮ ነው ያስተማርኩሽ። ተልባ ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማው ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ የተለየውን ሁሉ እንደሰማሽው ጻፊው።

ማሽንዎን ሊሸጡት ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሻል። ቤዛብሕ ለካ ሸማ ብቻ አይደለም የሚሸከመው። አንድ ሰው መጥቶ አይቶታል። መስቀል ሲደርስ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም። አንቺ ስለዚህ አታስቢ።

በጸሎት ከአንቺ ጋር ነን።
ሀብተ ጊዮርጊስ


ጨንቻ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሽ ሀብቴ፣

እትዬ ማሚቴን በእኔ ምክንያት ስላስኮረፍኳቸው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ይህኛውን አብራችሁ አንብቡት።

«ስለዚህ አታስቢ» ያሉኝን ግን አልችልም። እዚህ የመጣሁት ሠርቼ፣ ስም ይዤ ልመለስ ነው እንጂ ልቀር አይደለም። አባቴ ሸማኔ፣ አያቴ ሸማኔ፤ እኔ ብቻ እሳት ይዤ ስወጣ ሽሮ ሜዳ ሁሉ ሲስቅብኝ በርዎን የከፈቱልኝ እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ተሸጦ ወርክሾፑ ከተዘጋ የት ልመለስ? በቃ፣ ይህን ካልኩ በኋላ ዝም እላለሁ።

እንዳዘዙኝ አደረግኩ። ነፋሱን በሁለት ብርድ ልብስ ከለልኩ። የቶርቹ አፍ ንጹሕ ነው። ሬጉሌተሩ ላይ ግን ደረሱበት፤ ሃያ ደቂቃ ሳልበይድ በረዶ ለብሶ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ጨንቻ በሰኔ አፋፍ ምን ያህል እንደሚበርድ ቢያዩ። ክብሪት ላነሳ ስል «በእሳት እንዳታሞቂው!» ብለው ከግቢው ማዶ የጮኹብኝ ትዝ አለኝና በሞቀ ውሃ የነከርኩትን ጨርቅ ጠመጠምኩበት። አሁን እየበየድኩ አሳርፈዋለሁ። ጋዙ በደንብ ይወጣል።

ቀዳዳው ግን አልቀረም። ቀነሰ እንጂ አልቀረም። የሚገርመው አንዱ የቱቦላሬ ብረት ጥሩ ይበየዳል፣ አጠገቡ ያለው አረፋ ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው።

ድምፁ ይኸው። ስጀምር ተልባው ይንጣጣል፣ ቀጭንና የማይቋረጥ። አንድ ስንዝር ያህል ስሄድ መሐል ላይ «ጠሽ» ይላል። ዝም ይልና እንደገና «ጠሽ፣ ጠሽ»። ውሃ የነካው እጅ የጋለ ዘይት ላይ ሲራገፍ እንደሚለው። ከዚያ ጢስ ይወጣል፣ ከወትሮው የወፈረ። ከዚያ ተልባው ይመለሳል።

አጎቴ ከእኔ ይልቅ ተጨንቀዋል። በየጠዋቱ ቀድመውኝ ተነስተው ብረቱ ያለበት ቤት ገብተው ይጸልያሉ፤ ስገባ ይወጣሉ። እንዳላሳፍራቸው እፈራለሁ።

ቀዳዳ ያለበትን ቁራጭ ቆርጬ ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሁንም ሌሊት ይቀሰቅስዎታል?

ልጅዎ ትሕትና


አዲሱ ገበያ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

ቁራጭሽ ደርሶኛል። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፣ ቀዳዳውን በምስማር ጫፍ ነካካሁት፣ ምንም አልነገረኝም። ከዚያ ያልተበየደውን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ሽታ አለው። ራሴን ተጠራጠርኩና ማሚቴን ጠርቼ አስሸተትኳት። አላመነታችም። «ቅቤ ነው» አለች። «ያውም ለጋ፤ ቅመም ያልነካው።»

ልጄ፣ አጎትሽ በየጠዋቱ የሚጸልዩት ባዶ እጃቸውን አይመስለኝም። ብረቱን ቅቤ እየቀቡ እየመረቁልሽ ነው። በአንድ ጠዋት ሁሉንም ስለማይጨርሱ ነው አንዱ ቱቦላሬ ደህና ሆኖ አጠገቡ ያለው አረፋ የሚሆነው። «ጠሽ» የሚልብሽም ቅባቱ ጋር ስትደርሺ ነው። ቅባት፣ ቀለምና ዝገት ሲቃጠሉ ጋዝ ይሆናሉ፣ ያ ጋዝ መውጫ ፍለጋ ብረትሽን ይበሳዋል። ስንት ግራሶ ቅባት የነካው ብረት በየጃለሁ፤ በምርቃት የተበላሸ ብየዳ ግን በአርባ ዓመት ሥራዬ ገና ማየቴ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ሰንብቼ ነበር።

ብረቱን በሳሙና እጠቢ፣ አድርቂ፣ የምትበይጂበትን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በግራይንደር እስኪያበራ ፋቂ። አጎትሽን ግን ቅቤውን ይተዉት አትበያቸው፤ ደስ አይልም። ተራውን ብቻ ቀይሪላቸው፤ ከብየዳ በኋላ ይቀቡት። ቀለም እስኪደርስለት ከዝገት ይጠብቀዋል።

የጻፍሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ የዘይቱ ነገር ጥሩ ነው። ሌላም ጻፊልኝ። የብየዳውን ብቻ ሳይሆን፣ አጎትሽ ሲሠሩ መወርወሪያው ምን እንደሚል፣ ነፋሱ ቀርከሃው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚል። ሽማግሌ ነኝ፣ ዝናብ ነው፣ የማነበው ነገር የለኝም።

ደወሉ ይቀሰቅስዎታል ወይ ብለሽ ነበር። ማሚቴ ትቀሰቅሰኛለች።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ጨንቻ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሀብቴ፣

ቅቤ ነው። ጋሽዬ፣ ቅቤ ነው። ደብዳቤዎን እያነበብኩ ተነስቼ ብረቱን አሸተትኩት፤ ወር ሙሉ ስበይደው አፍንጫዬ የት ነበር?

አጎቴን እንዴት ብዬ ልናገራቸው ብዬ ሁለት ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። «ምነው ብረቱን አጠብሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «አዲስ የተወለደ ልጅ ቅቤ ይቀባ የለም ወይ? ብረቱ አዲስ ነው ብዬ ነው» አሉ። «ይቀባል፤ ግን ከተወለደ በኋላ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። አሁን እኔ በይጄ ስጨርስ «ተወለደ?» ብለው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ዕቃ ቆሟል። አጎቴ ገብተው ተቀምጠውበት እግራቸውን ዘርግተው አንድ ክንድ ሠሩበት፤ አልተነቃነቀም።

መወርወሪያው በአንድ በኩል «ሽው» ይላል፣ በሌላው በኩል «ቀጭ»። ሽው ቀጭ፣ ሽው ቀጭ። ከዚያ መምቻው «ድም»። ቀርከሃው በነፋስ ሲፋተግ የድሮ በር ይመስላል። እንዲህ ነው የሚሰማው።

ሁለት አዲስ ጣጣ አለ። አንደኛውን ደርሼበታለሁ፦ ሽቦው እየተንተባተበ ይወጣል፣ አንዳንዴም ማሽኑ ውስጥ ተተብትቦ ይቆማል። ከፍቼ ባየው ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ በጥጥ ብናኝ ተደፍኗል። ያለሁት ሸማ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ነዋ! ሽቦው ብናኙን እየለበሰ ይገባል። እሳትም እንዳያስነሳ ፈርቼ ማሽኑን ወደ ከብቶቹ ቤት አዛወርኩት።

ሁለተኛው ግን ያስፈራኛል። የከሰዓት ብየዳዬ ላዩ ያምራል፤ ወፍራም ገመድ መስሎ ተጋድሟል፣ ቀዳዳ የለው። በመዶሻ ስመታው ግን እንዳለ ይላቀቃል። ሥሩ አልያዘም። ድምፁ ተልባ አይደለም፤ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ነው፣ ጥፍር ጠረጴዛ ሲመታ። በጠዋት እንዲህ አይደለም። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር እንዲህ ሠርቼ አልሰጥም።

አንድ ልመና። እርስዎ የበየዱትን አንድ ቁራጭ ይላኩልኝ፤ ከእኔ ጋር እያስተያየሁ እንድሠራ። ደግሞ ቁራጬ እጅዎ ላይ እያለ ድምፁን ለምን አሁንም እንደሚፈልጉት አልገባኝም፤ ግን መጻፉን ወድጄዋለሁ። ጋሽ ቤዛብሕ ወርክሾፑ ሦስት ቀን ተዘግቶ አየሁት አለ። አሞዎት ነበር?

ትሕትና


አዲሱ ገበያ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

ቤዛብሕ ወሬውን ትቶ ሸማውን ይሽጥ። ዝናብ ነበር፣ ስለዚህ ዘጋሁ። አላመመኝም።

የከሰዓቱ ብየዳሽ ቀዝቃዛ ነው። ሽቦው ሳይቀልጥ ብረቱን እየጎሸመ ነው «ጠቅ ጠቅ» የሚልሽ፤ ቀልጦ ቢወርድም ብረቱ ላይ ይተኛል እንጂ አይገባም። መብራት ነው ልጄ። ከሰዓት ሰው ቤቱ ገብቶ ምድጃውን ሲሰካ ጉልበቱ ይወርዳል። ማሽኑ እንዳለ ነው፣ የሚበላው ግን ቀንሷል። ስለዚህ ብየዳውን በጠዋት ጨርሺ፣ ከሰዓት ቁረጪ፣ ፋቂ፣ ለኪ። ከማሽኑ የሚመጣውን የማሳ ገመድ ፒንሳ ብረቱ ላይ የምታስነክሺበትንም ቦታ ፋቂው፤ ዝገት ላይ ከነከሰ እሱም ጉልበት ይሰርቅሻል። ላዩ ስላማረ አትመኚው፤ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ሰብረሽ እዪ።

ለጥጡ ደግሞ ጥጥ ነው መድኃኒቱ። ሽቦው ወደ ማሽኑ መንኮራኩር ከመግባቱ በፊት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በልብስ መቆንጠጫ አስነክሺበት። ብናኙን እዚያው ይጠርገዋል። ሲቆሽሽ ቀይሪው።

የጠየቅሽው ቁራጭ ይኸው። ዛሬ ጠዋት ነው የበየድኩት። ከጎንሽ አስቀምጪው።

«ሽው ቀጭ» ጥሩ ነበር። ቀርከሃውም።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ጨንቻ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሽዬ፣

ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ጋሽ ቤዛብሕን አንድ ዙር አሳለፍኩት።

ሰባት ዕቃ ቆሟል። በጠዋት እየበየድኩ ነው፣ መቆንጠጫውም ሠርቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የላኩልኝን ቁራጭ አጎቴ እንዲያዩት አወጣሁት። «የአስተማሪዬ እጅ ይህ ነው» አልኳቸው። ላሳያቸው ብዬ፣ ምንም እንደማይሆን አውቄ፣ በመዶሻ መታሁት። በሁለተኛው ተላቀቀ። አጎቴ ቀስ ብለው ወጡ።

ላዩ ያምራል። ሥሩ አልያዘም።

መብራት ነው ብዬ ላስብ ነበር፣ ግን በጠዋት ነው የበየድኩት ብለዋል። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ከቆመ ደንበኛ ጋር እያወሩ «ትሕትና፣ ቮልቱን ጨምሪ» የሚሉኝ ሰው ነዎት። አንዲት «ጠቅ» አታመልጥዎትም ነበር። ያን ሌሊት ሳይሆን በማግሥቱ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ መጣልኝ። ስልኩ። ደወሉ። ድምፁን ጻፊልኝ ያሉኝ።

ስልኩ አይደለም ያረጀው፣ አይደል ጋሽዬ? ይቆጡኝ፣ ግን እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


አዲሱ ገበያ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

አልቆጣሽም። ይቅር በይኝ።

ጆሮዬ ቀስ በቀስ መክዳት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ዝናብ ነው አልኩ። ከዚያ ደወሉ። ማሚቴ ጮክ ብላ ስታወራኝ ይገባኛል፣ ከንፈሯንም አያለሁ። ሐኪም ዘንድ ወስዳኝ ነበር፤ አርባ ዓመት ግራይንደር ሥር ጆሮህን ሳትሸፍን ሠርተህ ምን ጠበቅክ አለኝ። የሚደረግ ማዳመጫ አለ፣ ለወሬ ይረዳል፣ ለብየዳ ግን አይሆንም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያንኳኳዋል። አንቺ ግራይንደር ስትይዢ ጆሮሽን ሸፍኚ። ይህን ከቮልቱ በፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የጎረቤታችን የእፀገነት የግቢ በር ከማጠፊያው ተላቅቆ ወደቀ። እኔ የበየድኩት ነው። እጇን ከበሩ ካነሳች አፍታም አልቆየም፤ ማንም አልተጎዳም። እሷ «እርጅና ነው ጋሽ ሀብቴ» ብላ አጽናናችኝ፤ የእሷ ማጽናናት ከበሩ በላይ ከበደኝ። ሌላ በያጅ ለምኜ አስበየድኩላት። ማሽኑን ለመሸጥ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። በሌላ ጊዜ የወደቀው በር ሥር ልጅ ቢኖርስ?

የማሽኔን ቁልፎች ታውቂያቸዋለሽ፤ ቁጥሩ ከተፋቀ ዓመታት ሆኖታል። አስተካክላቸው የነበረው በጆሮዬ ነበር። ቁጥር ጽፌ አላውቅም፣ ለአንቺም አልጻፍኩልሽም። ጆሮ ሲሄድ አብሮት ሁሉም ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የላኩልሽን ቁራጭ ስምንት ጊዜ ነው የበየድኩት፣ ያማረውን መርጬ። ሰብሬ ማየት ፈራሁ።

ለምን አልነገሩኝም ትይኛለሽ። አንቺ እዚያ አሥራ ሁለት ዕቃ ተሸክመሽ፣ አስተማሪሽ አይሰማም ብትባዪ ሥራሽን መጠራጠር ትጀምሪ ነበር። እንደዚያ አሰብኩ።

ድምፁን ለምን እንደምፈልገው ጠይቀሽኝ ነበር። ለብየዳው አልነበረም። ቁራጭሽን አይቼ አውቀዋለሁ። ግን «ተልባው ይንጣጣል» ብለሽ ስትጽፊ ሰማሁት፤ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በቀን። ደብዳቤሽን ማሚቴ ስትሰጠኝ እጄን ታጥቤ ነው የምከፍተው።

ሰውዬው መስከረም ላይ ይመጣል። ማሽኑ ደህና ሰው ጋር ነው የሚገባው። ያንቺ ብየዳ ይዟል፣ ያ ይበቃኛል።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ጨንቻ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽዬ፣

አልቅሼ ጨርሼ ነው የምጽፈው። አጎቴ በቅቤ፣ እርስዎ በዝምታ፤ ሁለታችሁም ለእኔ አስባችሁ ነው። እሳቸውን ተራውን አስቀየርኳቸው። አሁን እርስዎን ልለምን።

ጆሮሽን ሸፍኚ አላሉኝም? ሸፈንኩ። ጥጥ እዚህ ሞልቷል። ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኜ፣ በላዩ የአጎቴን ፎጣ ጠምጥሜ፣ ሦስት ጠዋት በየድኩ። የመጀመሪያው ቀን አምስት ቁራጭ በየድኩ፣ አምስቱም ተላቀቁ። እንዴት ብቸኛ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። እርስዎ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነው ነው በቀልድ የሚጽፉልኝ የነበረው።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አገኘሁ። ቶርቹን በሁለት እጅ ይያዙት፣ የግራ እጅዎ አንጓ ወደ አፉ ይጠጋ፣ ጓንቱ ስስ ይሁን። ቮልቱ ሲያንስ ሽቦው እጅዎን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ «ጠቅ» የሚለው እጅ ላይ ይመጣል። ቮልቱ ሲበዛ እጅዎ ላይ ምንም የለም፣ ዝም ይላል፣ ስስ ላሜራ ከሆነ ይበሳል። ልክ ሲሆን ግን ስታንኮራፋ የያዟት ድመት ነው። እትዬ ማሚቴ ድመታቸውን ያበድሩዎትና ጀርባዋን ነክተው ይልመዱት።

ሁለተኛ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። እሳቱን ትተው ከኋላው ያለውን የቀለጠውን ብረት ጠርዝ ይዩት። ጠርዙ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ከገባ ይዟል። ጉብ ብሎ ከቆመ ተኝቷል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ጆሮዎ ስለሚቀድም ረስተውት ነው።

ሦስተኛ፣ ልክ ሲሆን የቁልፎቹን ቦታ በእትዬ ማሚቴ የጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ቀይ ለስሱ፣ ሌላ ቀለም ለወፍራሙ። እኔም እዚህ አድርጌያለሁ። አራተኛ፣ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀምሩ አንድ ቁራጭ ይስበሩ። ፈርተው የተዉት እሱን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከአምስቱ አራቱ ያዙ፣ ጥጡ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ። አራቱንም ልኬልዎታለሁ፣ በጠመኔ ቁጥራቸውን ጽፌባቸዋለሁ። ማሽኑን ከመሸጥዎ በፊት ሦስት ጠዋት ብቻ ይሞክሩልኝ። ጥር ላይ እመጣለሁ። ያኔ የሁለት ሰው ጆሮ አለን፤ እስከዚያ እጅዎ ይበቃል።

ትሕትና


አዲሱ ገበያ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለትሕትና፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ፣ ለመስቀሉም በሰላም ያድርስሽ። ቤዛብሕ ለበዓል አገር ሊገባ ቸኩሎ በር ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ አጭር ነው።

ሦስት ጠዋት አይደለም፣ ሰባት ጠዋት ሞከርኩ። ድመቷ ሸሽታኛለች። ማሚቴ የጥፍር ቀለሟን ጨረስክብኝ ብላ ሌላ አስገዝታኛለች። በየቀኑ ሰበርኩ። ስንት እንደተላቀቀ አልነግርሽም።

ይህን የዛሬውን ግን አልመታሁትም። እጄ ላይ ድመቷ ነበረች ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሰው የፈለገውን ያምናል። አንቺ ምቺው። ሰውዬው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ይመጣል፤ ቤዛብሕ ከዚያ በፊት አይመለስም፣ ስለዚህ ለማሚቴ ደውዪላትና አንዲት ቃል ንገሪያት። ከተላቀቀ ማሽኑ የእሱ ነው፣ እኔም አላዝንም። ከያዘ አይሸጥም።

ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ከብየዳው በኋላ ነው።

ድምፁን ጻፊልኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ጨንቻ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽዬ፣ ለእትዬ ማሚቴም፣

ትናንት በስልክ አንዲቷን ቃል ነግሬያለሁ። ይህ ቀሪው ነው።

አሥራ ሁለቱም ዕቃ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። አባቴ ከሽሮ ሜዳ መጥቶ ነበር። እያንዳንዱን በእጁ እየነቀነቀ ዞረ፤ አንዱም አልተነቃነቀለትም። የመጨረሻው ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ወረወረ። ሽው ቀጭ።

የእርስዎን ቁራጭ በሰው ሁሉ ፊት አልመታሁትም፤ ከአጎቴ ጋር ከብቶቹ ቤት ገብተን ነው። ቅቤው ሲሸታቸው ፈገግ አሉ። አንድ ሞላላ ድንጋይ ከሥሩ አደረግኩለት። የመጀመሪያውን ስመታ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሰባት ጊዜ መታሁት። ብረቱ ታጠፈ፣ እንደ ክርን ታጥፎ ቀረ፤ ብየዳው እንዳለ ነው።

ድምፁ ይኸው። ያ የሐምሌው ሲመታ «ጠክ» ነበር፣ እዚያው የሚሞት። ይህኛው «ድንንን» አለ። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ብየዳው ጋር ሳይቆም ወደ ሌላው ጫፍ አለፈ። መዶሻዬን ካነሳሁም በኋላ ትንሽ ቆየ። በሩቅ የሚሰማ የንጋት ደወል ነው፣ ጋሽዬ። አጎቴም ሰምተውታል፤ «ተወለደ» አሉ።

ጥር እስክመጣ በየጠዋቱ አንድ ይበይዱ፣ አንድ ይምቱ። ድምፁን እትዬ ማሚቴ ይጻፉልኝ።

ትሕትና